ዐሥራ ሁለት ደቂቃ

«ጨረቃ ባል ነው» አለኝ አባቴ፣
ገና ሰባት ሳይሞላኝ፣ ሳይጠና ጉልበቴ።
«ሃያ ሰባት ሚስቶች፣ ሃያ ሰባት ቤት፤
አንዷ ጋ አንድ ሌት።
ሲነጋ ጉዞ ነው፣ የለም መደላደል፤
ሮሂኒ ደጅ ሰነበተና ፈጸመ በደል፤
እህቶቿ ከሰሱት፣ አማቱ ረገመው፣
ከስቶ እየወፈረ፣ ወፍሮ እየከሳ፣ ይኸው ፍቅር አሳመመው።»

አባቴ ቬሉኩቲ፣ የኒላ ወንዝ ማዶ ኮከብ ቆጣሪው፣
መቶ ስምንት ዛጎል ነው ማሳውም፣ በሬውም፣ ቀንበሩም የሱው።
ሰው ላም ሲጠፋበት፣ ልጅ ሲታመምበት፣
ሴት ልጁን ሊድር ሲል፣ ሊሠራ ሲል ቤት፣
ይመጣል ከደጁ ጃንጥላውን አጥፎ፤
አባቴ ዛጎሉን ከሰሌዳው ላይ ዘርግፎ፣
«የተወለድሽበት ኮከብ?» ይላል፣ ቀና ሳይል።
ስም አይጠይቅም። ስም ማንም ያወጣል።

«ሰማይ እንደ ሩዝ እርሻ ድንበር አለው» ይለኛል፣
«ለአንዷ ቤት ዐሥራ ሦስት ዲግሪ ከሃያ ደቂቃ ይደርሳታል፤
እያንዳንዷ መደብ በአራት ትከፈላለች፤
ድንበር ላይ የመጣች ነፍስ ግን ሁለት ጎረቤት ታካስሳለች።»

እኔ ድንበር ላይ ነኝ።

የካርኪዳካም ዶፍ ጣራውን ሲወግር፣
የግድግዳው ሰዓት እርጥበት ገብቶት ቆሟል፣ አይቆጥር፣ አይናገር።
ሰማዩ ተደፍኗል፣ አንድ ኮከብ አይታይ፤
እናቴ በምጥ ናት፣ አባቴ በረንዳ ላይ።
አዋላጇ ካልያኒ «ሴት ናት!» ስትል በመስኮት፣
የሾርኑር ባቡር ድልድዩን ሲሻገር ጮኸ በዚያች ቅጽበት።

ባቡሩ በሰዓቱ ከመጣ፣ ጨረቃ ገና ሙላም ቤት ነው፤
የሙላም ሴት የባሏን አባት ትቀብራለች ብሎ አማት የሚሸሸው።
ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ከሆነ፣
ጨረቃ ፑራዳም ገብቷል፤ ዕዳዬ ተከደነ።
አባቴ በብረት ብዕር ቅጠሉን ፋቀና፣ ጥላሸት ቀባና፣
የኮከቡን ስፍራ ባዶ ተወውና፣
ከጎኑ ጻፈበት፦ «ባቡሩ ዘግይቷል።»

ሃያ ዓመት ሆነኝ። ሽማግሌ መጣ ከፓታምቢ ማዶ፣
ኮከብ ለኮከብ ሊያገጥም፣ ቅጠል ከቅጠል አዛምዶ።
«ፑራዳም ናት» አለ አባቴ። ዛጎሉ ከእጁ አመለጠ፤
አንዱ ተንከባሎ ከአማቼ እግር ሥር ተቀመጠ።

አባቴ ሞተ። ቅጠሉን ወረስኩ፤ ዛጎሉም የእኔ ሆነ።
ጣቢያው ሊታደስ ሲል አሮጌው መዝገብ ውጭ ተበተነ፤
ምስጥ የበላውን ገጽ ስገልጥ፣ ስገልጥ፣ ከዚያች ሌት ደረስኩ፤
በቀይ ቀለም «በሰዓቱ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

በሰው ጨረቃ ላይ ጉቦ ያልቀመሰ፣
የመንደሩን መርዶ ፊት ለፊት ያፈሰሰ፣
ለእኔ ሲል፣ በዝናብ መሐል፣ ባቡር አቆመ፤
ጨረቃን ገፍቶ አሻገረ፤ ውሸቱን ብቻውን ተሸከመ።
ያውቅ ነበር? ጣቢያው ከደጃችን የአንድ ሲጃራ መንገድ ነው፤
ሄዶ አለመጠየቁ ነው የሚገርመው።

አማቼስ?
ሻንኩኒ፣ አማቼ፣ ዘጠና አንድ ዓመት ኖረ፤
በየምሳው «ዓሣው ጨው በዛው» እያለ እንዳማረረ።
መቅበሩንስ ቀበርኩት፤ አባባሉ አልዋሸም፤
መቼ እንደሆነ ብቻ አልነገረንም።

ዛሬ ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፤
ከሆስፒታል ወረቀት ሰዓቱን፣ ደቂቃው ሳይቀር ታነባለች።
«ሙላም ናት ይሉኛል» ትላለች በሹክሹክታ፤
ልጅቷ ጥፍሯን ትቆረጥማለች አንገቷን ደፍታ።
ዛጎሉን በተንኩ። ከአሽዋቲ ደጅ ተነሥቼ እስከ ሬቫቲ ጓሮ
ቤት ለቤት ዞርኩኝ፣ እንደ አባቴ ሁሉ፣ በጣቴ ቆጥሬ፣ በጆሮ።
ጨረቃ ሙላም ቤት አለ፤ ተኝቷል፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ፤
ነገ ሌት ይሄዳል፣ ሳይከፍል፣ ሳያስከፍል ዕዳ።

ድልድዩ ላይ ባቡር ሲጮህ ጣቴ ከዛጎሉ ላይ ዋለ፤
«የሆስፒታሉ ሰዓት» አልኳት፣ «ለመሆኑ ልክ ነው የሚል ማን አለ?»