ወንፊት

ሙህዬ ቆዳውን ባንኮ ላይ ዘርግቶ፣
«የወንድ ልጅ ጃኬት!» አለኝ ዋጋ ጠርቶ።
ለደሴስ ይሆናል፣ ጦሳ ጉም ሲያገሳ፤
ኮምቦልቻ ቀትር ላይ፣ ሐረጎ ሲረሳ፣
በላብ ተቀቅዬ?

ከጥግ አንዱን ሳብኩት፣ ወንፊት የመሰለ፣
እፍ ስለው ትንፋሼ ማዶ የዘለለ፤
ክርኑና ትከሻው ግን ደንደን ያለ።

«ይኸማ መረብ ነው!
ሐይቅ ይዘኸው ውረድ፣ ዓሣ አጥምድበት!»
እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን አሳየሁት፦
ግንቦት ላይ፣ አህያ ስሸሽ፣ በካናቴራ፣
አስፋልት የላጠውን።

ሳቁን ዋጠና
ሁለት መቶ ብር ቀነሰ።

አሁን፣ ከደሴ ስነሳ፣ በጉም፣
የአምና ጋዜጣ አጥፌ
ደረቴ ላይ እሰካለሁ፤
ሐረጎን ስታጠፍ፣ ሙቀቱ ሲቀበለኝ፣
ወሬውን አውጥቼ
ነፋሱን አስገባለሁ።