አምስተኛው ወደብ

የክረምቱ መብረቅ፣ በሐምሌ መባቻ፣
አሮጌውን ራውተር ገደለብን ብቻ።
ቴሌቪዥኑን ትቶ፣ አምፖሉን ሳይነካ፣
መርጦ ነው የመታው፤ ይመርጣል ለካ።

እኔም ልመርጥ ወጣሁ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ፣
የደብረ ማርቆስን ጭቃ በጫማ ጎትቼ፤
ኪሴ ውስጥ ብጫቂ፣ የይመኙሻል ጽሑፍ፦
«አባ፣ ጊጋ ይሁን፤ መቶ ከሆነ እለፍ።»

ሱቁ ከመናኸሪያ ወረድ ብሎ ያለ፣
ባለሱቁ ወጣት፣ ስሙም ምናለ።
«ይሄ ነው ምርጡ» አለኝ፣ «አንቴናው ስምንት።»
ተገልብጣ የሞተች መሰለኝ ሸረሪት።
«ግድግዳ ይበሳል» አለ እየማለልኝ፤
የእኔን ግድግዳ መቼ አየልኝ!
አባቴ የመረገው፣ ክንድ ከስንዝር ውፍረት፣
ከጓዳ ሲጠሩህ ሳሎን የማትሰማበት።
የሰው ድምፅ ያላለፈው፣ ጭድ የጠጣ ጭቃ፣
ለስምንት አንቴና ደንግጦ ሊነቃ?

እኔ የምፈልገው ገመድ ነው። በገመድ
ያሰሩት ይገኛል፤ በሬም ይሁን ዘመድ።

በሬ እንደሚገዛ ሰው፣ ጥርሱን እንደሚያየው፣
«ቀንዱን ተወው» አልኩት፣ «ጀርባውን አዙረው።
ጊጋ ነው ወይስ መቶ?» «ፈጣን ነው» ይለኛል።
«ሁሉም ወደብ ነው ወይስ አንዱ ብቻ?» «ይሠራል።»
«ገመዱስ፣ መዳብ ነው?» «ሌሊት ሁሉ ያበራል።»

ከላይ መደርደሪያ፣ አቧራ እንደ ለበሰ፣
ጥቁር የብረት ሣጥን ዓይኔን አስመለሰ፤
አንቴና የሌለው፣ ጌጥ የማያውቅ፣ ዝምተኛ፣
ጀርባው ላይ አምስት ወደብ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፤
ከየሥራቸው ጽሑፍ፦ ጊጋ፣ ጊጋ፣ ጊጋ፣
እስከ መጨረሻው። «የዚህስ ስንት ነው ዋጋ?»
«እሱ እንኳ ዋይፋይ የለው» አለ እየጠረገው፣
«ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሰው ዞር ብሎም አላየው።»

አገር ወደብ አጥታ ስትብሰለሰል፣
እኔ ለጭቃ ቤቴ አምስት ልገዛ፤ ይገርማል።
ሳቅሁ ብቻዬን። ምናለ «ምነው?» አላለም።

አንዱ ለዋናው መስመር፣ ከምሰሶው ለሚመጣ፤
አንዱ ለይመኙሻል፣ ስታጠና ከጓዳ ለማትወጣ፤
አንዱ ለባለቤቴ፣ የማኅበሩን ሒሳብ
ሲመሽ በኮምፒውተር ለምትሰበስብ፤
አንዱ ለተከራዩ፣ ለመምህር ስማቸው፣
ኪራይ ስጨምር እንዳይጨፈግግ ፊታቸው።
አምስተኛው ባዶ አፉን ከፍቶ ያየኛል።
«ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ምናለ ይለኛል።

ቤቴን ለክቻለሁ፣ ትናንት፣ በክንዴ፤
ሃያ ይበቃኛል፤ አውቀዋለሁ በሆዴ።
«ሠላሳ» አለ ምላሴ።
ደነገጥኩ ለራሴ።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ታላቄ እንየው ነው።
የአባታችንን ቤት ስንካፈል፣ አንድ ክንድ መሬት
መሐላችን ወድቃ፣
ሰላምታ ካቆምን ሰባት ዓመት አለፈ።
ልጁ ግን፣ ባለ መነጽሩ፣
ማታ ማታ ከእኛ ግድግዳ ሥር
ስልኩን ከፍ አድርጎ
በመስኮት የምታመልጠዋን አየር ሲቃርም አይቻለሁ።
የይለፍ ቃሉን ማን እንደ ነገረው
ይመኙሻልን ጠይቄያት አላውቅም።
አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤
እሱ ስልኩን ደበቀ፣
እኔ ጫማዬን አሰርኩ።

ይኸው ጥቁሩ ሣጥን አየር አይረጭም።
በገመድ ላልተያዘ ጠብታ አይሰጥም።
ምርጫዬ ልክ ነው፤ ልጄም መስክራለች፣
ቪዲዮው ሳይቆረጥ ትምህርቷን ጨርሳለች።
አራቱ መብራቶች አረንጓዴ ናቸው፤
መምህሩም ስቀዋል፣ ጥርስ አላቸው ለካስ፣ አየናቸው።

አሥሩ ሜትር ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ከገሾው ሥር፣
ተጠቅልሎ አለ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ።
አይጥ እንዳይቀምሰው
የጎማ ቱቦ አልብሼዋለሁ።
ግድግዳ መብሻውን
ከአናጢው ከአንለይ ተውሻለሁ፣
ቅዳሜ እመልሳለሁ ብዬ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።