አራት ጭረት

ከጤና ጣቢያው የሰጡኝ የካርቶን መለኪያ
በክረምቱ ርሶ ሆነ የምስጥ ማደሪያ፤
መኪናም አይመጣም፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣
ኪኒኑ ግን ደርሷል፤ በብስክሌት መጥቷል።

ከጥግ አነሣሁት ያባቴን ምርኩዝ፣
ሁለት ጫፍ የያዝነው ከደጅ እስከ ወንዝ፤
እሱ በወዲያ ጫፍ፣ እኔ በወዲህ ጫፉ፣
ሰባት የማሽላ መኸሮች እስኪያልፉ።
የትምህርት ቤት ደወል ይጠራኛል ከሩቅ፤
አባቴ ይወድቃል እንጨቱን ብለቅ።

በቢላዋ ጫርሁት አራት ጊዜ፣ አራት፦
የታችኛው ላንድ ኪኒን፣ ቀጥሎ ለሁለት፣
ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፤
ከመጀመሪያው በታች የቀረ ሕፃን
ቁመቱ ጨምሮ ለከርሞ ይቆየን።

አባቴ የቢላዋውን ድምፅ ሰማና፦
«ቢንዱቴ፣ ምን ትቀርጻለህ? አታቅጥነው፤
እኔ መንገዴን አልጨረስሁም ገና።»

በሺያው ዛፍ ጥላ ሥር ሰልፉ ተጠማዘዘ።
ኢኒ በእግሯ ጣት ቆማ
ሁለተኛውን ጭረት ልትሰርቅ፤
ጭንቅላቷን በመዳፌ ዝቅ፦
«አንድ ነሽ።»
አኮረፈች።

አሮጊቷ ኦሆ ፓሌ ኪኒኑን ከምላሷ ሥር ደብቃ
«ዋጥሁ» አለች፤ ጉንጯ ግን መሰከረባት።
«አምና ፊቴ አበጠ፣ ሌሊቱን ስታከክ አደርሁ፣
መድኃኒት ትለዋለህ፤ መርዝ ቢሆንስ?»
«ያከክሽው ሬሳቸውን ነው» አልኋት፣
«በቆዳሽ ውስጥ የሚርመሰመሱት ሲሞቱ።
እናቲቱ ትል ግን በዚህ አትሞትም።
ልጆቿን ብቻ ነው የምንጨርስባት፣
ዓመት በዓመት፣ ዓመት በዓመት፣
እስክታረጅ ድረስ፣ እስክትመክን።»
ኦሆ ዝም አለች።
ሰባት ወልዳ አምስት የቀበረች ናት።
ውሃ ጠየቀችኝ፤ ዋጠች።

ልጅ ሳለሁ ሰማዩ በየሳምንቱ ይጮህ ነበር፦
ሄሊኮፕተሩ ከቡጉሪባ ወንዝ ላይ ዝቅ ይልና
መድኃኒት ያፈሳል፣
ጥቁሯ ዝንብ እንቁላሏን ከጣለችበት ዐለት፣
ውሃው አረፋ ደፍቆ ከሚሮጥበት።
«ምን ይመስላል?» ይለኛል አባቴ።
«የውሃ ተርብ» እለዋለሁ።
ተርብ ያውቃል፤ ገና ዓይን ሳለው
አባርሮ ይዞ ያውቃል።
ከዚያ ሄሊኮፕተሩ ቀረ።
ዝንቧ በነፋስ ተሳፍራ ተመለሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከሰልፉ ጭራ፣
ያለ ምርኩዝ፣ በድምፄ ተመርቶ መጣ።
ነብር መስሎ የተዥጎረጎረ እግሩን ገጥሞ ቆመ።
«ዓይን ይመልሳል?»
«አይመልስም።»
«ታዲያ ለምኔ?»
«ዝንቧ ካንተ ወስዳ ለኢኒ እንዳትሰጣት።»

አሰበበት። የጨቅላ ሳቅ ይሰማል ከዛፉ ወዲያ።
«እሺ፣ አራት ስጠኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።
ለካሁት። ጀርባው ጎብጧል፤
ሦስተኛው ጭረት ላይ ቀረ።
«ሦስት ነህ፣ አባዬ።»
«አራት ነበርሁ።»
«ነበርህ።»

ውጦ ሲያበቃ ምርኩዙን ተቀበለኝ፤
ጭረቶቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረ፣
አራተኛው ላይ ዘገየ።
እኔም ሳላውቀው ሌላውን ጫፍ ይዣለሁ።
«ልቀቅ» አለኝ፣ «ቤቴን አውቀዋለሁ።
እንጨቱን ጠዋት መጥተህ ውሰድ፤
ማዶ ያሉት ይጠብቁሃል።»