የሐሙስ ካርታ

ቀን ቀን መድን ቤት ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
መስኮቴ ግማሹ ወደብ፣ ግማሹ ሰማይ።
የሰመጠ ጀልባ፣ የተሰበረ እግር፣
ነፋስ የገነጠለው የጣሪያ ማገር፣
በክር በክር ታስሮ ይመጣል ወደኔ፤
ማኅተሙ ከፊቴ፣ ማስያው ከጎኔ።
ከመቶ ደረጃ ስንት ሰው ይወድቃል?
ስንት ቤት ይነዳል? ሠንጠረዡ ያውቃል።
"ማን?" ብዬ ስጠይቅ ግን ሠንጠረዡ ዝም፤
ስም የሌለው እንባ ወረቀት አያርስም።

ሐሙስ ግን መታወቂያዬን ካንገቴ አውልቄ፣
በትሪየስቴ ዳገት ከቦራ ተናንቄ፣
(እዚህ ከተማ ውስጥ ነፋስም ስም አለው፤
ገመድ ይዘረጋል ሰውን እንዳይጥለው)
ከኦንዲና አዝራር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣
ካርታዬን እበውዛለሁ ሰው እስኪገባ።
ሰባ ስምንት ናቸው። ጠርዛቸው አልቋል፤
ሞት ላይ ወይን ፈሶ ማጭዱ ቀልቷል።

በመጀመሪያው ክረምት ኦንዲና ብቻዋን፣
አሥራ አንዴ አስፈለገችኝ የጠፋች ድመቷን።
ክፍያዋም አዝራር ነው፤ የዛጎል፣ የቀንድ፤
ከዚያ ሐሙስ ለሐሙስ ሰው መጣ አንድ ባንድ።
አዋላጇ ኔቪያ አጎቷን አስከትላ፤
አጎቷ ጎረቤቱን፣ ጎረቤትም ሌላ።

ዋጋ ጽፌ ለጠፍኩ። አፈርኩ፣ ገነጠልኩት።
በሳምንቱ ጨምሬ መልሼ ለጠፍኩት።
ግብር ቤት "ሙያሽ?" ሲሉኝ ቅጹን ገልጬ ገልጬ፣
"ልዩ ልዩ" ከሚል ሥር ተገኘሁ ተቀምጬ።
ሕግም አወጣሁ፤ በሽታ አላነብም፤
የሎተሪ ቁጥር አልሰጥም፤
መሐረብ በነጻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ስገባ
"ሹራብ ሥራ እየተማርኩ ነው" እላቸዋለሁ።
ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እጅጌ እንኳ አላዩም።

"መድኑን ልቀቂው" ትለኛለች ኔቪያ፤
ሐሙስ ብቻ አይከፍልም የቤት ማሞቂያ።
ደሞም እውነቱን ልናገር፤ ሠንጠረዡን እወደዋለሁ፤
ቀን ስለ ሺህ ሰው አውቄ፣ ማታ ስለ አንዱ እገምታለሁ።

አምና በኅዳር፣ ነፋሱ በሩን ሲገፋ፣
አንድ ሽማግሌ ገባ፤ ጃኬቱን አላወለቀም።
"ስታንኮ ነኝ" አለ።
ስሙን አውቀዋለሁ። እጁን አላውቀውም፤
ጨው የበላው እጅ፣ አውራ ጣቱ ጥፍር አልባ።
ከስምንት ቀን በፊት ፈርሜበታለሁ፦
"በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት
ጀልባዋን የሰበራት ማዕበል ሳይሆን ያረጀ ገመድ ነው። እናዝናለን።"
"እናዝናለን" የምትለዋን ማሽኑ ራሱ ነው የሚጨምራት።

"ሌላ ጀልባ ልፈልግ ወይስ ይብቃኝ?" አለ፤
በግራ እጁ ቆረጠ።
ግንቡ።
ጨረቃ።
ፍትሕ፣ ተገልብጣ፤
ሚዛኗ ወደሱ፣ ሰይፏ ወደኔ።

በኛ አፍ ወረቀትም፣ ዕጣም፣ የባሕር መንገድም
አንድ ነው ስሙ፤ ካርታ።
ቀን የፈረምኩበት፣ ማታ የዘረጋሁት
ያው አንድ ወረቀት።

ዝም ብል ይሻል ነበር።
"ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለህ" አልኩት፤ "ሃያ ሁለት ቀርቶሃል።
ወደብ ጽሕፈት ቤት ሄደህ የነፋሱን መዝገብ ጠይቃቸው፤
የዚያን ሌሊቱን።"
ካርታዎቹን አየ፤ እኔን አየ።
"ይኼ የትኛዋ ላይ ተጽፏል?"
"ጨረቃዋ ላይ" አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ።
ሃያ ዩሮ አስቀመጠ። ተቀበልኩ።
ደብተሬም ላይ አለ፦ ሐሙስ፣ ሃያ።

ፋይሉ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
የነፋሱ ቁጥር በሽቦ ተያይዞ።
ገና አልፈረምኩም።
ፍትሕን ከመሳቢያዬ፣ ከማኅተሙ አጠገብ አኑሬያታለሁ፤
ሐሙስ ማታ የምበውዘው ሰባ ሰባት ነው።
እስካሁን የቆጠረ የለም።