የእጅ ጀርባ

ከሌሊቱ አስራ አንድ፤ ቦሎኛ ተኝታ፣
የመንገድ መብራቶች ባሸለቡበት ቦታ፣
እኔና ጋስቶኔ ወጣን በዝምታ።

ጋስቶኔ ቡልዶግ ነው፤ ፊቱ የተጨፈለቀ፣
አፍንጫው ወደ ውስጥ ሰምጦ የተደበቀ፤
ደረጃ ሲወርድ እንኳ ቁና ቁና የሚተነፍስ፣
ስምንት ዓመት በሶፋ ላይ ዘውድ የሌለው ንጉሥ።

እመቤቱ ኦርኔላ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣
ዳሌዋ ተሰብሮ ከዋለች በቤቷ፣
ገመዱ ወደ እኔ ዞረ።
ስትሰጠኝ እንዲህ አለች፦
«የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አኑር፤
እስከ ሰባት ቁጠር።
አንተ ካልቻልከው እሱም አይችለውም፤
ጫማ የለውም።»

ሳቅሁ በልቤ። እኔ የማውቀው ውሻ ዘበኛ ነበር፣
ሌሊት ሲጮኽ አድሮ ቀን የሚተኛ ከአጥር ሥር፣
ጥላውን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ።
«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል የአባቴ ተረት፤
እኔስ ምን አገባኝ ከቡልዶግ ሙቀት?

ሐምሌ ሲባል ደግሞ ለእኔ ጭቃ ነው፣
ጎርፍና ጃንጥላ፣ ዝናብ ያረጠበው።
የዚህኛው ሐምሌ ስሙን የሰረቀ፣
የከተማውን ጡብ እስከ ማታ ያሞቀ፤
ርግብ አፏን ከፍታ የምታለከልክበት፣
አይስክሬም ከጣት ወደ ክርን የሚሮጥበት።

አንድ ሐሙስ አረፈድን።
እንቅልፍ ጣለኝ፤ ስነቃ አራት ሰዓት ሆኗል።
በቅስቶቹ ሥር፣ ጥላን ከጥላ እየቀጠልኩ፣
«እስከ አደባባዩ ብቻ» ብዬ ወሰድኩት።
አደባባዩ አፍ ላይ ቅስቱ አለቀ።
ጋስቶኔ ቆመ።
ብርሃኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁጭ አለ።
ጎተትኩት፤ ድንጋይ።
ለመንኩት፤ ድንጋይ።
እጄን አላስቀመጥኩም፣ አልቆጠርኩም፤
እሱ ግን ቆጥሮ ጨርሶ ነበር።

ያኔ ነው ኤዶአርዶ ከማዶ በሩጫ የመጣው፣
ከፋርማሲው በላይ የሚኖረው ልጅ፣
የበረዶ አገር ውሻውን ወገቡ ላይ አስሮ።
ድዷ እንደ ጡቡ ቀልቷል፤
እግሯ መንገዱን አይደለም፣ አየሩን ይፈልጋል።
ወደቀች፤
ከመስቀያው እንደሚወድቅ የረጠበ ካፖርት።

ፀጉር አስተካካዩ ፋውስቶ ምላጩን ይዞ ወጣ፤
ደንበኛው በግማሽ ጢም፣ በአረፋው፣ ተከትሎት መጣ።
«በረዶ!» አለ አንዱ። «በረዶ ፍለጋ ማን ይሄዳል?
የቧንቧ ውሃ! ሆዷን! ብብቷን! መዳፏን! ወደ ጥላ!»
ይህን የጮኸው እኔ ነኝ።
ከኦርኔላ የሰማሁትን መቼ እንደ ያዝኩት እንጃ።

ሦስት ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ፎጣ።
ፋውስቶ በፎጣው ያራግባል፣ እኔ አፈሳለሁ፤
ልጁ አንገቷን አቅፎ ያለቅሳል፤
የእጁ ሰዓት ብቻ፣ ምንም እንዳልሆነ፣
ኪሎ ሜትር ጨርሰሃል ብላ ታጨበጭባለች።
ጋስቶኔ በበኩሉ ከፋውስቶ ደጃፍ
ለአላፊ አግዳሚ ውሻ የተቀመጠውን ሳህን
ጠጥቶ ጨርሶ ገልብጦታል።

ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አደረች።
በሦስተኛው ቀን ቆማ በላች።

አሁን ቀኑን የምናሳልፈው በኮሪደሩ ነው።
ኦርኔላ ከወንበሯ ሆና
የቀዘቀዘ ካሮት በፎጣ ትጠቀልላለች፣
ጫማዬ ውስጥ፣ ትራስ ሥር ትደብቃለች፤
ያ የሰመጠ አፍንጫ ቤቱን ሲያስስ ይውላል፣
ከሩጫ የመጣ ያህል ደክሞት ይተኛል።

ማታ ፀሐይቱ መንገዱን ጥላ ስትሄድ
በሩ ላይ እንበረከካለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ።
«ቆጠርክ?» ትላለች ከሰገነቱ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...
ጋስቶኔ አምስት ላይ ይነሣል።
መቁጠር አይችልም፤
ወይም ፊቴን አይቶ ነው።