እስከ ስልሳ

ሃያ ዓመቴ ነው በዚህ ጣና ዳር
ከቆሮሶ ጋራ፣ ከቢላዬ ጋር።
አንድ ጭረት ይበቃል፤ ሆዱን እከፍታለሁ፣
ሐሞቱን ሳላፈስ ለቅሜ አወጣለሁ።
የቱ እንቁላል እንዳዘለ፣ የቱን ውስጡን እንዳመመው
ጣቴ ሳይቀድም ዓይኔ ነው የሚለየው፤
የገዛ ሆዴን ግን
እንዴት አደርክ ብዬ እንኳ ጠይቄ አላውቀው።

እህቴ ትርንጎ በሌሊት ነበረ
ልብሷን የምታጥበው፣ ሐይቁ እየጠቆረ።
"ምነው?" ስላት፣ "የወር ነው፣ ተዛብቶብኝ" አለች፤
ከባሏ ስትተኛም ደም ታይ ነበር ለካ፤ ለእኔም አልነገረች።
ሦስት ወር፣ አምስት ወር...
በእኛ ሰፈር "የሴት ነገር"
ከነጠላ በታች ታፍኖ የሚቀር።
ሆስፒታል ስንደርስ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ
"ምነው ቀደም ብትሉ" አለን፤ ቀኑ ካለፈ አልፎ።

ስለዚህ ነው ዛሬ፣ ዓሣ የሚሸት እጄን
በሎሚ አሽቼ፣ ይዤ ድንጋጤዬን
ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ የወጣሁት።
ሲስተር ያምሮት ጠርሙስ ከፈተች፤ ሽታውን አወቅሁት።
"ኮምጣጤ?"
"የቀጠነ ኮምጣጤ።"
ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ተንቀጠቀጠ ጉልበቴ።
"የታመመ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤
እስከ ስልሳ ቁጠሪ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል።"

አንድ። ሁለት። ሦስት።
ያን ሁሉ ዘመን ሐሞት ያላፈሰስሁት ሴት
እዚያች አልጋ ላይ ፈሰሰ ሐሞቴ።
ሃያ ሁለት። ትርንጎ። ሃያ ሦስት። እህቴ።
አርባ ላይ ጠፋብኝ፤ ከሠላሳ ጀመርሁ፤
ስልሳ ስል "አለ" አለች። "ምን?" አልሁ።

"ነጭ ምልክት ናት፤ ከምስር አትበልጥም።
ነቀርሳ አይደለችም፤ ዝም ብንላት ግን፣ ዝም ማለቷን አላምንም።
ሕመም ስለሌላት ማንም አይጠረጥራት፤
ዛሬውኑ፣ እዚሁ፣ በሙቀት እንተኩሳት።"

ስወጣ ፀሐዩ ዘንባባው ላይ ነበር።
ሐይቁ ጠርዝ ጎረምሶች፣ ገብተው እስከ ጉልበት፣
እምቦጩን ይነቅላሉ፤ እፍኝ ሳለ ያልነቀሉት።

ደብሪቱ ከድንጋዩዋ ቀና አለች፤ "የት ዋልሽ?" ብላ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን በጆሮዋ ነበር፣ ነጠላዬን ከልላ፤
ዛሬ ግን ጮክ ብዬ፣ ስሙን ሳልውጠው፣
"የማኅፀን ጫፍ" አልሁ፤ ባለጀልባው ዞረ፤ ይዙር፤ ይስማው።
ቢላዋዋ ቆመ።
"ያማል?" አለች፣ ዝቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ለዓሣ ገዢ።
"ከአምባዛ እሾህ አይብስም። ነገ ጠዋት ነው፤ ሎሚ ያዢ።"