ለመበላት የተሠራ

ባሕር ሲሸሽ ነው ሥራችን የሚጀመረው፣
ስድስት ሰዓት አበድሮን፣ መልሶ ሊረከበው።
በካማሪኛስ ወደብ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር፣
ጀልባዬ «አንዶሪኛ» ትከሻዋን አስደግፋ
ውሃ ታንጠባጥባለች፤
ሸራዋ ተጠቅልሎ፣ ሆዷ ሣር አብቅሎ።

ኤውሎሺዮ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ።
በቢላ ጫፍ ዛጎሉን ሲፍቅ፣ ሲልጥ፣
ፕሮፔለሩ ብቅ አለ፤ ሦስት ቅጠል፣ ሮዝ መልክ፣
የኮረዳ ጉንጭ የመሰለ።
«ያምራል» አልኩት።
«የንዳድ ቅላት ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

መዶሻ አንስቶ ጫፉን ነካ አደረገው።
ጤነኛ ነሐስ ቢሆን እንደ ደወል በጮኸ፤
ይሄ ግን፣ ዱብ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ፣
መልስ ነፈገው።
ቅጠሉን በጣቱ ይዞ ጎበጥ ቢያደርገው
ተሸርፎ መዳፉ ላይ ቀረ፣ የጡብ ፍርፋሪ።
«ባሕሩ ዚንኩን መጥጦ መዳቡን ትቶልሻል።
ዘንጉ ላይ የሚታሰረውስ የት ሄደ?
ለመበላት የተሠራው፣ ስለ ሌላው የሚበላው?
መቼ ነው የቀየርሽው፣ ዶሲንዳ?»

ዝም አልኩ።

የት እንዳለ አውቃለሁ።
ኩሽና፣ ሦስተኛው መሳቢያ፣ ከማንኪያዎቹ በታች፣
በመደብሩ ቡናማ ወረቀት እንደተጠቀለለ፤
አማሮ ገዝቶ ካመጣው አራት ዓመቱ።
ወረቀቱ ላይ በብዕር «ለሚያዝያ» ብሎ ጽፏል፤
ሚያዝያን ግን አላየም፣ መጋቢት ቀደመው።

ኮቱን ለወንድሙ ሰጠሁ፣
ጫማውን ለጎረቤት ልጅ።
ይሄን እንዴት ለጨው ውሃ ላብላ?
በየሚያዝያው መሳቢያውን ስቤ፣
ክብደቱን በመዳፌ መዝኜ፣ መለስኩት።
የመሳቢያዬን ስሳሳ የጀልባዬን አስበላሁ።

«አሥራ አንድ ዩሮ ሰስተሽ ስድስት መቶ ከፈልሽ»
አለ ኤውሎሺዮ። ስስት ነው፣ ልክ ብሏል፤
የትኛው ስስት እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

ዳዶው እምቢ አለ። ዘይት ጠጣ፣ እምቢ።
በእሳት ተለበለበ፣ እምቢ።
ቁልፉን በቧንቧ አስረዘመው፤ እኔም ተጫንኩ፣
ሰባ ሁለት ኪሎ ከነቅሬታዬ፣
ድንገት ቋ!
ሁለታችንም ጭቃው ላይ ዘጭ፤
ከአራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አዲሱ ነሐስ ወርቅ መስሎ ገባ፤
ግራሶ፣ ዳዶ፣ ኮፒሊያ።
ውሃው በግንቡ ጥግ ዞሮ መጣ፣
ተረከዜን በቀዝቃዛ ምላሱ ቀመሰ።
«ፍጠኚ፣ ዚንክ ከመኪናዬ ላምጣ?»
«አለኝ።»
ከካፖርት ኪሴ አወጣሁት።
ጠዋት ከቤት ስወጣ ለምን እንደያዝኩት
ራሴንም አልጠየቅኋት።

በገዛ እጄ አሰርኩት፣ ሁለቱንም ብሎን።
እንግዲህ ብላ፣ አልኩት ባሕሩን፣
ግን ቀስ ብለህ ብላ።

ማታ «አንዶሪኛ» ትከሻዋን ከግንቡ አነሳች።
ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ርሶ፣ ቀለሙ ፈሶ፣
«ለሚያዝያ» ከሚለው የቀረው
«ለ» ብቻ ነበር።